ምሰሶ የሌለው አዳራሽ

እንጨት አያስፈራኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ከእንጨት ጋር ኖሬያለሁ፤ ጣቴን ቆርጦኛል፣ ወገቤን አጉብጦኛል፣ አንድ ጊዜም ከጣራ ላይ ጥሎኛል። ቢሆንም እንጨት ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ይንቋቋል፣ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። የሚያስፈራኝ ሰው ነው። በደርግ ዘመን፣ በመተማ ቆላ፣ ሰው ፈርቼ ስለ እንጨት ዋሸሁ። ይህን ለልጆቼ እስከ ዛሬ ነግሬያቸው አላውቅም።

መጋዘኑ ከኮኪት ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሰሊጥ እርሻው ጫፍ ላይ ነበር። ያሠራው የድሮው ባለእርሻ ሲሆን የሠራነው አባቴና እኔ ነን። ግድግዳው ሳንቃና ሽመል፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። መሃሉን ከዳር እስከ ዳር የተሸከሙት በአንድ መስመር የቆሙ ሦስት የዞቢ ምሰሶዎች ነበሩ። ዞቢ ጥቁር የቆላ እንጨት ነው፤ መጥረቢያ ያደነዝዛል። ችግሩ ቀጥ ብሎ አያድግም። እነዚያን ሦስቱን ለማግኘት ከአባቴ ጋር ሦስት ሳምንት ጫካ ለጫካ ዞረናል፤ ሦስተኛውን ስናገኝ አባቴ ግንዱን አቅፎ እንደሳመው አስታውሳለሁ።

ባለእርሻው መጋዘኑን የመጠበቁን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። በእኛ አገር መሬት የነካ እንጨት ሁሉ የምስጥ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ዙሪያውን እቆፍራለሁ፤ ምስጡ የሠራውን የአፈር ቱቦ ፍቄ አነሣለሁ፤ እንጨቱን በችቦ አክስዬ ከትራክተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ከዚያ ጉድጓዱን በአመድና በጠጠር እሞላዋለሁ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኖ አንድ ወር ይከርማል። ባለቤቴ በግንቦት አይቼህ ቢሆን ኖሮ ጥቁር መስለኸኝ ሳላገባህ እቀር ነበር እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሌላም አባቴ ያስተማረኝ ነገር ነበር። አግዳሚውና ምሰሶው የሚገናኙበት ቦታ ላይ በእበት የተለወሰ የጡጫ ያህል ጭቃ ይለጥፍ ነበር። በእበት የተለወሰ ጭቃ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ከተሰነጠቀ ከሥሩ ያለው እንጨት እየሄደ ነው ማለት ነው። ባለእርሻው ጭቃው ጣራውን ያቆሽሸዋል እያለ ቢቆጣም አባቴ አይሰማውም ነበር። ከአባቴም በኋላ እኔ ይህንኑ አደርግ ነበር።

ከዚያ እርሻው ተወረሰ። ባለእርሻው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ፤ መጋዘኑ የገበሬ ማኅበሩ ሆነ፤ እኔም ከነመዶሻዬ ለማኅበሩ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ያህል ሰሊጥና ማሽላ ይከማችበት ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ጸጥ ያለ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር፤ ከሩቅ ሲመጣ በቁልፎቹ ድምፅ እናውቀው ነበር። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ "ያልደረቀ ሰሊጥ ቢገባ ይሻግታል፤ አንድ ሳምንት ይቆየን" አለ። ሌላ ምንም አላለም። በሳምንቱ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ለማጣራት ነው ብለው ወሰዱት። የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው ተባለ። ሚስቱ እስከ ሳንጃ፣ ከሳንጃም እስከ ጎንደር ስንቅ ይዛ ተመላለሰች፤ በመጨረሻ ስንቁን ከበር ላይ የሚቀበላት አጣች። ሰሊጡም ሻገተ። ይህን ግን ማንም አንሥቶ አልተናገረም፣ እኔም ጭምር።

በዚያው ሰሞን አዲስ ካድሬ ተመደበልን። ከደጋ የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አስተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ለእህሉ ኮኪት ውስጥ የብሎኬት መጋዘን ስለተሠራ የእኛን አሮጌ የእንጨት መጋዘን የሕዝብ አዳራሽ እናደርገዋለን አለ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሕዝቡ እስከዚያ ድረስ የሚሰበሰበው ራኩባ ሥር፣ ማለትም በሣር ዳስ ውስጥ ነበር። ጎታዎቹን አውጣ፣ መስኮት ክፈት፣ ከወዲያኛው ጫፍ መድረክ ሥራ አለኝ። ሁሉንም በደስታ ተቀበልኩ። ከዚያ መሃል ላይ ቆመና ዙሪያውን አየ።

"እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?"

"ምሰሶዎች ናቸው፣ ጓድ።"

"ሕዝቡን ከመድረኩ ይከልሉታል። በቅርቡ ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል። ይነሡ።"

አይሆንም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ግን የመጋዘኑ ኃላፊ ቁልፎች ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። "ይነሣሉ፣ ጓድ" አልኩ። ካድሬው ወዲያው አልሄደም። ወደ ጣራው አንጋጦ ካየ በኋላ "ችግር የለውም?" ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ጠይቆኛል። እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬ "ምንም ችግር የለውም" አልኩት።

ምሰሶዎቹን ስናወጣ ለምንጣሮ የመጡ ሁለት የጎጃም ሠራተኞች ያግዙኝ ነበር። አንደኛው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ "ኧረ ጌታው፣ ምሰሶ የሚነቀል ቤት ሲፈርስ አይደለም እንዴ?" አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን "ዝም ብለህ ምታ፤ የቀን ሥራህን ሥራ" ብዬ አመናጨቅሁት። ልክ የሆነ ሰው እንደሚያናድድ ያን ቀን ገባኝ። በምሰሶዎቹ ፋንታ ከዳር ቋሚዎቹ ወደ አግዳሚው የሚወጡ ሰያፍ ድጋፎች መታሁ። ደረቅ እንጨት ስላልነበረ በጭነት መኪና የመጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ተጠቀምኩ፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚኮማተርና ምስማሩን እንደሚለቅ የማያውቅ አናጢ የለም። ሦስተኛው ምሰሶ ሲወጣ ጣራው ጣት ያህል ዝቅ አለና አቃሰተ። ከወራጆቹ መሃል የስንት ዓመት የሰሊጥ ገለባ በራሳችን ላይ ረገፈ። ሁለቱን ምሰሶዎች ለመድረኩ እግር ቆራረጥኳቸው። አባቴ የሳመውን ሳልቆርጠው ከጓሮ አጋደምኩት።

ምሰሶዎቹ በነበሩበት ቦታ ሁሉ፣ ከአግዳሚው መጋጠሚያ ላይ ጭቃዬን ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። በየማለዳው ሥራ ያለኝ መስዬ አዳራሹ ውስጥ እገባና አንጋጥጬ አያለሁ። አልተሰነጠቀም። አልተሰነጠቀም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተሰነጠቀም። ግን ነፋስ አልነበረም፤ ቅጠል የማያንቀሳቅስ ሙቀት ነበር። የእኛ አገር ክረምት ሲገባ በሐቡብ ነው የሚገባው፤ ከሱዳን በኩል ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ይመጣል፣ ከኋላው ዝናብ ያስከትላል። ሐቡቡ ከእንግዳው በፊት መጥቶ አዳራሹን ባዶውን ቢጥለው ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ደግሞ ቢወድቅ አሻጥረኛ የሚባለው ማን እንደሚሆን ትዝ አለኝና ምኞቴን ተውኩት።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ማንም አይቀርም፤ ከየቤቱ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይጠየቃል። ባለቤቴ ጡት የሚጠባ ልጃችንን ይዛ፣ እናቷ ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊወጡ ሲሉ ባለቤቴን ጠራኋትና "ከበሩ አጠገብ ተቀመጪ፤ ልጁን ይሞቀዋል" አልኳት። እሺ አለች። አማቴን ምን ልበላቸው? ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል። በስብሰባ ሁሉ ከፊት ረድፍ ነው የሚቀመጡት፤ የተናጋሪውን አፍ ካላዩ ምንም አይገባቸውም። ለእሳቸው አንድ ነገር መንገር ማለት ለሰፈሩ ሁሉ መንገር ነው። በሹክሹክታ የማይነገራቸው ሰው ናቸው። ጮሄ ደግሞ ምን ልበል? ጣራው ይወድቃል? ዝም አልኩ። አማቴ በጠዋቱ ሄደው ከመድረኩ ፊት፣ መሃል ላይ፣ አንደኛው ምሰሶ ቆሞበት ከነበረው ስፍራ ተቀመጡ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እንግዳው ንግግር ጀመረ። እኔ ከግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ፤ ዓይኔ አንዴ ጭቃው ላይ፣ አንዴ የአማቴ ነጠላ ላይ ነው። ንግግሩ መሃል ላይ ብርሃኑ ቀላ። ከውጭ "ሐቡብ መጣ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው አቧራው በመስኮቶቹ ገባ። ካድሬው በምልክት አዘዘና ሚሊሻዎቹ መስኮቶቹን ዘጉ። በሩንም ዘጉ። ከውስጥ መወርወሪያውን ጣሉበት። ያንን መወርወሪያ የጠረብኩት እኔ ነኝ፤ እንዳይንቀሳቀስ አድርጌ።

ነፋሱ ቆርቆሮውን ከሥር አነሣው። አግዳሚው ጮኸ። ሌላው ሰው የነፋስ ድምፅ ነው የመሰለው፤ እኔ ግን የምስማር ድምፅ አውቃለሁ፣ ምስማር ከእርጥብ እንጨት ውስጥ ሲንሸራተት እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። አንገቴን ቀና ሳደርግ የመሃሉ ጭቃ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከዚያ ግማሹ ተገምሶ ወደቀ። አማቴ ትከሻ ላይ ነው የወደቀው። ቀና ብለው አዩ፤ ነጠላቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና ዓይናቸውን ወደ ተናጋሪው አፍ መለሱ።

አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር እላለሁ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ። ልክ በዚያን ጊዜ እንግዳው ንግግሩን ጨርሶ ግራ እጁን አነሣ፤ ሕዝቡ በአንድነት ብድግ አለና መፈክር ማስተጋባት ጀመረ። እኔም እጄን አነሣሁ። አፌ ተከፍቶ ነበርና የወጣው መፈክር ሆነ። ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ። መሬቱም ጣራውም ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ነፋሱም ቀስ በቀስ በረደ፤ በሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ፣ እየሳቀ፣ አንድም ጭረት ሳይነካው ወጣ።

ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ከግድግዳው ሥር ቆየሁ። ስወጣ አማቴ ከዝናቡ ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ደንቆሮ ሰው እንደሚናገር፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ፣ "ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ያን ሁሉ ነፋስ ያንተ ጣራ መክቶ አሳለፈልን" አሉኝ። ሰዎች ዞር ዞር እያሉ በአድናቆት አዩኝ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ባለቤቴ ልጁን በጋቢ ሸፍና ከኋላቸው ቆማለች። አትስቅም።

ቤት ስንደርስ እናቷ ልብስ ሊቀይሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ባለቤቴ ልጁን አስተኝታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ለልጁ ሙቀት ብለህ አይደለም ከበሩ ያስቀመጥከኝ" አለች። "አይቼሃለሁ። ሰው ሁሉ መድረኩን ሲያይ አንተ ጣራውን ነበር የምታየው።"

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ምሰሶውን፣ እርጥቡን እንጨት፣ ጭቃውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናቴስ?" አለች።

"አይሰሙም እኮ። ለእሳቸው ለመንገር መጮህ ነበረብኝ።"

"መጮህማ ትችላለህ" አለችኝ። "መፈክሩን ስትጮህ እኮ እስከ በሩ ድረስ ሰምቼሃለሁ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እሳቱን ልታነድድ ሄደች። በዚያን ሰዓት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካድሬው ይልቅ እሷን ፈራሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ስገባ ብቻውን ነበር፤ ይጽፋል። ሳልቀመጥ "ጓድ፣ ምሰሶዎቹ ካልተመለሱ አዳራሹ ይወድቃል። በሚቀጥለው ሐቡብ ይወድቃል" አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ጠይቄህ ነበር እኮ።"

"አዎ፣ ጠይቀውኛል። ፈርቼ ነው።"

"ማንን?"

"እርስዎን።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። "እኔን?" አለና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ ምን ያህል ልጅ እንደሆነ አስተዋልኩ። የጻፈውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ሪፖርቱ ትናንት ከእንግዳው ጋር ሄዷል። ይህ ግልባጩ ነው። ምሰሶ የሌለው ዘመናዊ አዳራሽ ሠራን ብያለሁ። አሁን ምሰሶ ተመለሰ ብዬ ብጽፍ እኔንም…" አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ሁለታችንም አንድ ባለቁልፍ ሰው እናስታውስ ነበር፤ እሱ በወሬ፣ እኔ በዓይኔ።

ልወጣ ስል "ቆይ" አለኝ። "ምሰሶ አትበለው።"

"ታዲያ ምን ልበለው፣ ጓድ?"

"የመፈክር መስቀያ።"

እንዲህ ሆኖ ሦስት የመፈክር መስቀያ ሠራሁ። አንዱን ከጓሮ አነሣሁት። ለሁለቱ አዲስ ዞቢ ፍለጋ ጫካ ወጣሁ፤ ሁለት ሚሊሻዎች ጠብመንጃ ይዘው ተከተሉኝ። የሚጠብቁኝ ከሽፍታ ይሁን ወደ ሱዳን ከመሻገር አልጠየቅኳቸውም። እግራቸውን አክስዬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ እንደ ድሮው አቆምኳቸው፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ ቀለም ቀባኋቸው፤ ካድሬው በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ መፈክር አሰቀለ። ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ሁሉ አሠራሩን አደነቀ። ሕዝቡም ከምሰሶው ኋላ የተቀመጠ እንደሆነ ያንቀላፋ ነበር፣ ስለማይታይ። ካድሬው ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ሲሄድ ሰላም ሳይለኝ ነው የሄደው፣ አልፈረድኩበትም።

አማቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ባለቤቴ ነገሩን ለእናቷ አልነገረቻቸውም፤ እኔንም ዳግመኛ አልወቀሰችኝም። ግን በየክረምቱ መግቢያ፣ ሰማዩ ከሱዳን በኩል ሲቀላ፣ አማቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያን ቀን ያወራሉ፤ ነፋሱ እንዴት እንደመጣ፣ ጣራው እንዴት እንደቆመ፣ የሠራውም የእሳቸው ልጅ መሆኑን። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው ይመርቁኛል። ባለቤቴ ያን ጊዜ የያዘችውን ሥራ ታቆምና ታየኛለች። እስክመልስ ትጠብቃለች። እኔም አሜን እላለሁ። እሳቸው ስለማይሰሙ ጮክ ብዬ ነው የምለው።